ክርኔ ላይ የራሴን ደም መልሰው ሊወጉኝ ነው፤ ልግባበት ወይስ ልተወው?

ካቻቢቴ_በግራ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ሥራዬ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው። ቀኑን ሙሉ ካቻቢቴ ስጠመዝዝ፣ ፒንሳ ስጨብጥ ነው የምውለው። ከ9 ወር በፊት የቀኝ ክርኔ ውጪኛው ጎን፣ ያቺ የምትጎረብጠው አጥንት ላይ መጠዝጠዝ ጀመረኝ። ናቅኩት። አሁን በቀኝ እጄ የሞላ ብርጭቆ ከጠረጴዛ ላይ ማንሳት ያቅተኛል። ሰው ጠንከር አድርጎ ከጨበጠኝ እንባዬ ይመጣል። የተጠቃሚ ስሜን ያየ ነገሩ ይገባዋል።

ምርመራው «ቴኒስ ኤልቦ» አለ፤ የክርን ጅማት ሕመም ነው። ራኬት በእጄ ነክቼ አላውቅም! ኮርቲዞን የሚባለውን የብግነት ማብረጃ ወጉኝ። አቤት እፎይታ! ለ6 ሳምንት ክርን እንዳለኝም ረሳሁ። ከዚያ ተመለሰ፣ ያውም ብሶበት። ደገሙኝ። ሁለተኛው 3 ሳምንት ብቻ ያዘልኝ።

አሁን ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። «ፒአርፒ እንሥራልህ» አለኝ፤ ፕሌትሌት የሚባለው የደም ክፍል የበዛበት ፕላዝማ ማለት ነው። ከክንዴ ደም ይቀዳሉ፣ በማሽን ያሽከረክሩታል፣ ጥሩ ጥሩውን ይለዩና ክርኔ ላይ ይወጉታል። ጅማቱ ራሱን ያድሳል ተባልኩ። 3 ጊዜ፣ በየ2 ሳምንቱ። የሰጡኝ በራሪ ወረቀት ላይ የአንድ ስፖርተኛ ፎቶ አለ፣ ከሥሩ «ሰውነትዎ ራሱን ያክማል» ይላል። ወረቀቱ ያማረ ነው። ያማረ ወረቀት ደግሞ ያስፈራኛል።

የተወጋችሁ አላችሁ? ሠራ?


ጉልበቴ_ተመስገን

ልጄ፣ ግባበት። እኔ 58 ዓመቴ ነው። የግራ ጉልበቴ ካርቲሌጅ፣ መገጣጠሚያው ላይ ያለው ለስላሳ ሽፋን፣ መሳሳት ከጀመረ ቆይቷል፤ ራጁን ያየው ሐኪም ከ4 ደረጃ 2ኛው ላይ ነው አለኝ። ደረጃ ስወርድ እንደ ሕፃን አንድ አንድ እግር ነበር የምወርደው። ፒአርፒ 3 ጊዜ ተወጋሁ። የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት ጉልበቴ አብጦ «ምን አስገባኝ!» ብያለሁ፣ አልዋሽህም። ከዚያ ግን ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ቀለለኝ። ይኸው 10 ወር ሆነኝ። ደረጃውን እየተፈራረቅኩ እወርዳለሁ። የራስህ ደም ነው፣ ምን ይጎዳሃል?


ከምን_ጋር

ጋሼ፣ እንኳን ተሻለዎት። ከልቤ ነው። ግን እኔ ሁሌ የምጠይቀው አንዲት ጥያቄ አለችኝ፣ ስሜም እሷው ናት። ተሻለ፤ ከምን ጋር ሲተያይ?

ልጁ የጠየቀው ስለ ክርን ስለሆነ ከክርን ልጀምር። በ2010 ኔዘርላንድስ ውስጥ 100 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ወጣ። ግማሹ ፒአርፒ፣ ግማሹ ኮርቲዞን ተወጋ። ኮርቲዞን የተወጉት ቶሎ ተሻላቸው፣ ኋላ ግን ወረዱ። ፒአርፒ የተወጉት ቀስ ብለው እየተሻላቸው ሄደው በዓመቱ በለጡ። ብዙ ማስታወቂያ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ነገር ግን ኮርቲዞን ራሱ ለክርን ጅማት ጠላት ሆኖ ተገኘ። በ2013 አውስትራሊያ ውስጥ 165 ሰዎች ላይ ሲታይ፣ ኮርቲዞን ከተወጉት በ54 በመቶው ላይ ሕመሙ ተመልሶ መጣ። ለማስመሰያ የጨው ውሃ ብቻ፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበት መርፌ፣ ከተወጉት ላይ ግን የተመለሰው በ12 በመቶው ነው። ያንተም ታሪክ ይኸው ነው፤ 6 ሳምንት ገነት፣ ከዚያ ብሶ መመለስ። እንግዲህ ፒአርፒ የቀደመው የሚያነክስ ሯጭን ነው። አንካሳን ቀድሞ መግባት ጀግና አያሰኝም።

ከጨው ውሃ ጋር ሲወዳደርስ? ኮክሬን የሚባለው ጥናቶችን የሚመዝን ስብስብ በ2021 32 ጥናቶችን፣ 2337 ሰዎችን አንድ ላይ አድርጎ አየ። ለክርን ሕመም ፒአርፒም ሆነ ያልተጣራ የራስ ደም፣ ከማስመሰያ መርፌ የሚበልጥ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልታየበትም።


ካቻቢቴ_በግራ

የጨው ውሃ የተወጉትም ተሻላቸው ማለት ነው? ታዲያ የኔ ለምን 9 ወር ቆየ?


ከምን_ጋር

ተሻላቸው፣ አዎ። ቴኒስ ኤልቦ ብዙውን ሰው በዓመት ገደማ ውስጥ ይለቀዋል፣ ቢወጋም ባይወጋም። አንተ መሃል ላይ 2 ጊዜ ኮርቲዞን ስለገባብህ የዘገየ ይመስለኛል። ሐኪም አይደለሁም፤ ሥራዬ ቁጥር ማየት ነው።


ቀይ_ቢጫ

እኔ ይህን ነገር በእጄ የምሠራው ሰው ነኝ፤ ላብራቶሪ ውስጥ። ክርክሩ ውስጥ ከመግባቴ በፊት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው ተወግቶም አያውቀውም።

ከክንድ ከ15 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ደም ይቀዳል፤ እንደ ዕቃው ይለያያል። እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ አስቀድሞ ቱቦው ውስጥ አለ። ሴንትሪፉጅ ውስጥ ገብቶ ይሽከረከራል። ሲወጣ ቱቦውን ብርሃን ላይ አድርጋችሁ ብታዩት ሦስት ሆኖ ተደራርቧል። ከታች ጠቆር ያለ ቀይ አለ። ከላይ የገለባ መልክ ያለው ቢጫ ፕላዝማ አለ። መሃላቸው ላይ እንደ ወረቀት የቀጠነች ነጣ ያለች ሽፋን አለች፤ ነጭ የደም ሕዋሳት እዚያ ናቸው። የምንፈልገው ፕሌትሌት እሷ ላይና ከእሷ ከፍ ብሎ ባለው ፕላዝማ ውስጥ ነው። እሱን በቀስታ ስባችሁ ስታወጡ እጃችሁ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ቀዩ ይደባለቃል። ከዚያ ብዙ ጊዜ እንደገና ይሽከረከራል። ከ60 ሚሊ ሊትር ደም መጨረሻ ላይ የምትቀረው ጥቂት ሚሊ ሊትር ናት።

ፕሌትሌት ማለት ስትቆረጡ ደም የሚያቆመው ነው። ግን ሥራው መድፈን ብቻ አይደለም። ሆዱ ውስጥ የዕድገት ፕሮቲኖች ቋጥሯል፤ ሲነቃ ይበትናቸዋል፣ አብዛኛውንም በመጀመሪያው ሰዓት። ሐሳቡ እነዚህን ፕሮቲኖች ደም በደንብ ወደማይደርስበት ጅማት ይዞ መሄድ ነው። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም።

ችግሩ ግን ይኸውላችሁ፤ ፒአርፒ የሚባል አንድ ነገር የለም። የጤነኛ ሰው ፕሌትሌት በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ይደርሳል። ከ150 ሺህ ተነስታችሁ 3 እጥፍ ብታደርጉት፣ ሌላው ሰው ሳይሽከረከር ያለው ላይ ነው የምትደርሱት። አንዱ ዕቃ 2 እጥፍ ያደርጋል፣ ሌላው 6 እጥፍ። አንዱ ነጭ ሕዋሳቱን ይዞ ያወጣል፣ ሌላው ያስቀራል። ነጭ ሕዋስ ያለበት ከተወጋ በኋላ ይበልጥ ያማል። ለመገጣጠሚያ ነጭ የሌለበትን፣ ለጅማት ነጭ ያለበትን የሚመርጡ ብዙ ናቸው። ሁሉም ግን ስሙ ፒአርፒ ነው። አንድ ስም ይዞ የሚዞር ሃያ መድኃኒት አስቡት።


ጉልበቴ_ተመስገን

ይኸው! እኔም ልል የፈለግኩት ይህን ነው። ባለፈው አንድ ሰው ስለ ጉልበት የአውስትራሊያውን ጥናት ሲያመጣብኝ ነበር፤ ፒአርፒ ከጨው ውሃ አይበልጥም የሚለውን። ሐኪሜን ስጠይቀው እዚያ ጥናት ውስጥ የተወጋው ፕሌትሌቱ ከተራ ደም ብዙም የማይወፍር ነበር አለኝ። ቀጭን ነገር ወግተው አልሠራም ቢሉ ምን ይገርማል?


ከምን_ጋር

ጋሼ፣ ትችቱ እውነት ነው፣ እቀበላለሁ። ጥናቱ የ2021 ነው፣ 288 ሰዎች፣ 3 ሳምንት በተከታታይ አንዳንድ መርፌ። የተወጋው ፕሌትሌት ብዛቱ አነስተኛ ነበር የሚሉት ሰዎች መሠረት አላቸው። በአውሮፓ የጉልበትና የስፖርት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ውስጥ ያሉ ባለሙያዎችም መለስተኛና መካከለኛ ደረጃ ላይ ላለ ጉልበት ፒአርፒን ይደግፋሉ። በሌላ በኩል የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ሐኪሞች ማኅበር፣ በ2019 መመሪያው ለጉልበትና ለዳሌ አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ሕመም) አትጠቀሙበት ብሎ አጥብቆ ጽፏል። አንድ ጉልበት ላይ ሁለት ማኅበር ተጣልቷል።

ግን ያ ጥናት ውስጥ እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ሲያስቀምጡት፣ ፒአርፒ የተወጉት በዓመቱ በ2.1 ቀነሰላቸው። ጨው ውሃ የተወጉት በ1.8። ሁለቱም ተሻላቸው እኮ! ጨው ውሃ የተወጋ ሰው እዚህ መድረክ ላይ ቢመጣ «10 ወር ሆነኝ፣ ደረጃ እወርዳለሁ» ብሎ ይጽፍ ነበር። እርስዎን አላልኩም።


ጉልበቴ_ተመስገን

እኔን ነው ያልከው 😄 ግዴለም። የጨው ውሃም ቢሆን ደረጃውን እወርዳለሁ።


ባቴን_አትንኩ

ወገኖቼ፣ የኔን ስሙ። ሯጭ ነኝ፣ ባለሙያ አይደለሁም፣ ለነፍሴ የምሮጥ። የተረከዜ ጅማት፣ ከባቴ ወርዶ ተረከዝ ላይ የሚያርፈው፣ ዓመት ከመንፈቅ አሠቃየኝ። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዎቹን አሥር እርምጃዎች እንደ ሽማግሌ ነበር የምራመደው።

አንድ ቦታ ሄጄ ፒአርፒ ተወጋሁ። ስሙን አልጠራም። ወግተውኝ «በቃ፣ በሳምንቱ ሩጥ» አሉኝ። ከመወጋቴ በፊት ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ በየቀኑ እወስድ ነበር፣ ማንም አልጠየቀኝም። በአልትራሳውንድ እያዩ አልወጉኝም፣ በጣታቸው ዳሰው «እዚህ ነው አይደል?» ብለው ነው። በ5ኛው ቀን የተሻለኝ መሰለኝና 8 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ። በ6ኛው ቀን መራመድ አቃተኝ። 2 ወር ወደ ኋላ ተመለስኩ።

በኋላ ሳነብ ተረከዝ ላይ ጥናቶቹ ከክርንም ይብሳሉ። በ2010 ኔዘርላንድስ ውስጥ 54 ሰዎች፣ በ2021 ብሪታንያ ውስጥ 240 ሰዎች። ሁለቱም ላይ ፒአርፒው ከማስመሰያው አልተለየም። ይህን ሳላውቅ ነው የገባሁት።


ቀይ_ቢጫ

@ባቴን_አትንኩ ስለ ዳይክሎፌናኩ እኔ ተናደድኩልህ። እነዚህ የብግነት መድኃኒቶች፣ አይቡፕሮፌንም ዳይክሎፌናክም፣ የፕሌትሌትን ሥራ የሚያደክሙ ናቸው። ፕሌትሌት ልትወጋ ሄደህ ፕሌትሌቱን አስረኸው ነው የሄድከው። የተለመደው አሠራር ከመርፌው በፊት አንድ ሳምንት ገደማ፣ በኋላም ሁለት ሳምንት ያህል ማቆም ነው። ለሕመም ፓራሲታሞል ይቻላል።

አደራ ግን! ለልብ ወይም ለደም ሥር ተብሎ አስፕሪን ወይም ደም ማቅጠኛ የታዘዘለት ሰው ለክርን ብሎ በገዛ ፈቃዱ አያቁም። ያዘዘለትን ሐኪም ይጠይቅ። ክርን ይጠብቃል፣ ልብ አይጠብቅም።


ጫን_ቀስ

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ሁላችሁም ስለ መርፌው ታወራላችሁ፣ ስለ ጅማቱ ግን ማንም አላወራም። እኔ ላውራ።

ጅማት ገመድ ነው። ኮላጅን የሚባል ክር በሺዎች ተደርድሮ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተወጥሮ። ድሮ ጅማት ሲታመም «ብግነት ነው» ይባል ነበር፣ ለዚያ ነው ኮርቲዞን የሚወጋው። ወራት የቆየ ጅማት ላይ ግን ዋናው ነገር ብግነት አይደለም። ክሮቹ ተዘበራርቀዋል። ማበጠሪያ እንዳልነካው ፀጉር ነው። መሃል መሃል ላይ መኖር የሌለባቸው ቀጫጭን ደም ሥሮችና ነርቮች በቅለዋል። ጅማቱ ደክሟል እንጂ አልተቃጠለም።

የደከመ ጅማት በዕረፍት አይበረታም። የሚበረታው ሸክም ሲያገኝ ነው፣ በልክ። ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን የራሱ ተረከዝ ታሞ ነበር። አለቃው ቀዶ ሕክምና አልሠራልህም አለው። እሱም ጅማቱን እስኪበጠስ ላሠቃየውና በግድ ይቀደኝ ብሎ ተረከዙን ደረጃ ጠርዝ ላይ ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ከረመ ይባላል። ጅማቱ አልተበጠሰም፤ ዳነ። በ1998 ባወጣው ጥናት 15 ሯጮች በቀን 180 ጊዜ፣ ለ12 ሳምንት ተረከዛቸውን ቀስ ብለው እያወረዱ ሠሩ። ሁሉም ወደ ሩጫ ተመለሱ። ጥናቷ ትንሽ ናት፣ ግን ከዚያ በኋላ የጅማት ሕክምና አቅጣጫው ተለወጠ።

@ካቻቢቴ_በግራ አሁን ያንተን። ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጥ። ክንድህን አስተኛው፣ መዳፍህ ወደ መሬት ይይ። እጅህ ከጠርዙ አልፎ ይንጠልጠል። መጀመሪያ 2 ሳምንት ማንቀሳቀስ የለም። 1 ኪሎ ይዘህ እጅህን ቀጥ አድርገህ 40 ሰከንድ ያዝ፣ አሳርፍ፣ 5 ጊዜ። ቀጥሎ ማውረዱ ይመጣል። በግራ እጅህ አግዘህ ወደ ላይ ታነሳዋለህ፣ በቀኝህ ብቻ አራት እየቆጠርክ ታወርደዋለህ። 15 ጊዜ፣ 3 ዙር። ሲቀልህ ግማሽ ኪሎ ጨምር።

ያማል። ማመሙ ችግር የለውም። ከ10 ላይ 4 እስኪደርስ ፍቀድለት። ዳኛው ግን የነገው ጠዋት ነው። ጠዋት ስትነሳ ሕመሙ ከትናንቱ ከባሰ፣ ዛሬ አብዝተሃል። ካልባሰ ቀጥል።

ሥራ ላይ ደግሞ ዕቃ ስታነሳ መዳፍህ ወደ ላይ ይይ። መዳፍህን ወደ ታች አድርገህ ባነሳህ ቁጥር ያችኑ የታመመች ጅማት ነው የምትጎትታት። የካቻቢቴህን እጀታ በጨርቅ ጠምጥመህ አወፍረው። ከቻልክ በባትሪ የሚሠራውን ተጠቀም።

ፒአርፒን አልጠላም። ተወግተው የመጡ ሰዎች አክማለሁ። ግን ተወግቶ ሸክም ያልሠራ ሰው እና ሳይወጋ ሸክም የሠራ ሰው ቢሰጡኝ፣ የማወራርደው በሁለተኛው ነው።


የእናቷ_ልጅ

ክሩን ስላጠለፍኩ ይቅርታ። የእናቴ ጉልበት በጣም አርጅቷል፣ አጥንት ካጥንት ጋር ይጋጫል ተባለ። 71 ዓመቷ ነው። አንድ ቦታ «ስቴም ሴል፣ ወደ ሌላ ሕዋስ የሚለወጥ ሕዋስ፣ እንወጋታለን፣ ካርቲሌጅ እንደገና ይበቅላል፣ ቀዶ ሕክምና አያስፈልጋትም» አሉን። ከእትብት ገመድ የሚወጣ ነው አሉ። እናቴ ቢላ ስለምትፈራ በደስታ ልትበር ነው። ምን ልበላት?


ከምን_ጋር

እህቴ፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

«ካርቲሌጅ ይበቅላል» የሚል ሰው ካጋጠመሽ፣ የበቀለበትን ሰው ኤምአርአይ በፊትና በኋላ አሳየኝ በይው። ካርቲሌጅ ደም ሥር የለውም፣ ነርቭም የለውም። አንዴ ካለቀ በመርፌ መልሶ እንደ ሣር አይወጣም።

በ2017 የወጣች አንዲት ጥናት አለች፣ በጣም የምወዳት። ሁለቱም ጉልበታቸው የታመመ 25 ሰዎች ናቸው። ለእያንዳንዱ ሰው አንዱ ጉልበቱ ላይ ከገዛ መቅኒው የወጣ ስቴም ሴል ያለበት ፈሳሽ ተወጋ፣ ሌላው ጉልበቱ ላይ ጨው ውሃ። የትኛው ጉልበት ምን እንዳገኘ ሰውየው አያውቅም። ምን ሆነ? ሁለቱም ጉልበት ተሻለው! እኩል። አንድ ሰው ላይ፣ ቀኝና ግራ።

በ2023 ደግሞ ከ470 በላይ ሰዎች ላይ ከመቅኒ፣ ከስብና ከእትብት ገመድ የወጡ ሕዋሳትን ከተራ የኮርቲዞን መርፌ ጋር አወዳደሩ። በዓመቱ ኮርቲዞንን የበለጠ አንድም አልነበረም።


ቀይ_ቢጫ

እኔ ስለ አደጋው ልጨምር። የገዛ ደም አንድ ነገር ነው፤ ከሌላ ሰው እትብት የመጣ ነገር ሌላ ነው። በ2018 አሜሪካ ውስጥ ከእትብት ደም የተሠራ ምርት የተወጉ 12 ሰዎች በባክቴሪያ ተመርዘው ሆስፒታል ገቡ። ደማቸውና መገጣጠሚያቸው ውስጥ ተገኘ። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለአጥንትና ለመገጣጠሚያ ችግር ያጸደቀው የስቴም ሴል ምርት እንደሌለ ደጋግሞ አስጠንቅቋል።

ማንኛውም መገጣጠሚያ ላይ መርፌ ከገባ በኋላ ትኩሳት ቢመጣ፣ ጉልበቱ ቢቀላና ቢግል፣ «የሚጠበቅ ነው» ብሎ ቤት መቀመጥ የለም። በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል!


ጫን_ቀስ

@የእናቷ_ልጅ እናትሽ ስኳር አለባቸው? ካለባቸው ኮርቲዞን እንኳ ሲወጉ ለጥቂት ቀናት ስኳራቸው ከፍ ይላል፣ ይለኩ። ኮርቲዞንም ቢሆን ተመላልሶ አይወጋም። በ2017 በወጣ ጥናት በየ12 ሳምንቱ ለ2 ዓመት የተወጉ ሰዎች ካርቲሌጃቸው ይበልጥ ሳሳ፣ ሕመሙ ግን ጨው ውሃ ከተወጉት አልተሻለም።

ደግሞ ቢላ የሚፈሩትን አትውቀሺያቸው። መጀመሪያ የጭን ጡንቻቸውን እናጠንክር። ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ሳያስደግፉ በቀን 10 ጊዜ እየተነሱ ይቀመጡ። ከተቸገሩ ትራስ ይደረብበት። 3 ወር እንየውና፣ ካልሆነ የጉልበት ቅየራ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። መርፌው ላይ ብዙ ካወጣችሁ በኋላ ግን ለቀዶውም አቅም ታጣላችሁ።


የእናቷ_ልጅ

ስኳር አለባት። የኤምአርአዩን ጥያቄ ዛሬ ደውዬ ጠየቅኳቸው። «እሱ በፎቶ አይታይም፣ በስሜት ነው የሚታወቀው» አሉኝ 🙃


ከምን_ጋር

መልሱን አገኘሽ።


ፍቱን_መርፌ

ለክርን ለጉልበት ለወገብ ለሁሉም የሚሆን 100% ዋስትና ያለው ሕክምና በውስጥ መስመር አናግሩኝ


አስተባባሪ

ከላይ ያለው ሰው ታግዷል። መልእክቱን ለማስተማሪያ ትቼዋለሁ። ለሁሉም የሚሆን መርፌ የለም።


ድብልቅልቅ

ስለ ስኳር ስታወሩ ትዝ አለኝ፣ የግሉኮስ መርፌ የሚባለውስ? ፕሮሎቴራፒ። ለቁርጭምጭሚቴ ተነግሮኝ ነበር።


ጫን_ቀስ

አሮጌ ነገር ነው፤ ስሙን ያወጣለት ጆርጅ ሃኬት የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው፣ በ1950ዎቹ። ሐሳቡ ከፒአርፒ ይቀላል። ወፍራም የግሉኮስ ፈሳሽ፣ ከ12.5 እስከ 25 በመቶ፣ የላላው ጅማት ላይ ይወጋል፤ ቦታው ይቆጣል፣ ሰውነትም ሊጠግን ይመጣል። በ2013 ጉልበት ላይ 90 ሰዎች ተመርምረው በዓመቱ ከጨው ውሃም ከቤት ስፖርትም የተሻለ ውጤት አሳይቷል። አንድ ጥናት ነው፣ አነስተኛም ነው። ርካሽነቱ ይጠቅማል። ለቁርጭምጭሚት ግን በአንድ እግር ቆሞ ጥርስ መቦረሽ ይቅደም፣ ቀልዴን አይደለም። ሚዛን የመጠበቅ ልምምድ ደጋግሞ መጠምዘዝን ይቀንሳል።


ካቻቢቴ_በግራ

ሁላችሁንም አንብቤ ሐኪሙ ጋ ተመለስኩ። የጻፍኩትን ወረቀት ይዤ። ስንት ደም ትቀዳለህ? ስንት እጥፍ ነው? ነጭ ሕዋስ አለበት የለበትም? በአልትራሳውንድ እያየህ ነው የምትወጋው? ከዚያ በኋላ ምን ልሥራ? ለምን 3?

ሰውየው እንዳሰብኩት አልተቆጣም። 5ቱን በደንብ መለሰልኝ። «ለምን 3?» ላይ ግን ሳቀ። «ጥቅል ስለሆነ ነው» አለኝ። እንግዲህ አንድ ብቻ ብንሠራስ ብዬ ተደራደርኩ። እሺ አለ። ጫን_ቀስ ያለውን ስፖርት ደግሞ ከዛሬ ጀምሬያለሁ።

ከምን_ጋር እንዳትጮህብኝ። 9 ወር ነው የታመምኩት፣ ሰው ነኝ።


ከምን_ጋር

አልጮህም። ግን አንድ ነገር ላስቸግርህ። መርፌውንም ስፖርቱንም አንድ ላይ ጀምረህ ስትድን፣ የትኛው እንዳዳነህ አታውቅም። ይህን አሁኑኑ ጻፍልኝ፣ በኋላ እንዳትክደኝ።


ካቻቢቴ_በግራ

ጽፌያለሁ፦ አላውቅም።


ካቻቢቴ_በግራ (ከ5 ሳምንት በኋላ)

ተወጋሁ። ቀይ_ቢጫ ያልሽው እውነት ነው፣ ቱቦውን አሳዩኝ አልኳቸው፣ ያቺን ቀጭን ነጭ ሽፋን አየኋት። ደስ አለኝ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ስክሪኑ ላይ መርፌዋ ጅማቱ ውስጥ እንደ ብር ክር ስትገባ ትታያለች። ሲወጉት ግን አይ! ኮርቲዞኑ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር መዳሰስ ነው። 4 ቀን እጄን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ዋልኩ። በፓራሲታሞል ብቻ አለፍኩት። በ10ኛው ቀን 40 ሰከንዱን መያዝ ጀመርኩ።

አሁን ለውጥ የለም። ትንሽ ካለም ጠዋት ላይ ነው።


ባቴን_አትንኩ

5 ሳምንት ምንም አይደለም። እኔ መርፌውን ረስቼ ተረከዜን ደረጃ ላይ ሳወርድ 11ኛው ሳምንት ላይ ነው ጠዋት ሳላነክስ የተነሳሁት። በቀን 180 ጊዜ ግን አልሠራሁም፣ አልዋሽም። ቴሌቪዥን እያየሁ ግማሹን ነው። አሁን 5 ኪሎ ሜትር ላይ ነኝ፣ 8ቷን አልነካኋትም።


ካቻቢቴ_በግራ (ከ14 ሳምንት በኋላ)

ትናንት አንድ ግድግዳ ላይ 22 ማብሪያ ማጥፊያ ገጠምኩ። የመጨረሻዎቹን 6 በቀኝ እጄ፣ በተራ ካቻቢቴ። ማታ ትንሽ ጠዘጠዘኝ፣ 3 ልበለው። ዛሬ ጠዋት ተነስቼ ጠበቅኩት። የለም።


ጉልበቴ_ተመስገን

አላልኩህም! ፒአርፒ ነው!


ጫን_ቀስ

ሸክሙ ነው።


ከምን_ጋር

ጊዜው ነው። ከዓመት በላይ ሆኖታል እኮ።


ካቻቢቴ_በግራ

የጻፍኩት እዚያው ላይ አለ፣ ወደ ላይ ውጡና አንብቡት።


ጫን_ቀስ

ስንት ኪሎ ላይ ደረስክ?


ካቻቢቴ_በግራ

3 ኪሎ ተኩል። ስሜን መቀየር ይቻላል ወይ አስተባባሪ?


አስተባባሪ

በ6 ወር አንዴ ነው የሚቻለው። እስከዚያ በግራ ቆይ።